የአሊጋዝ ሸራ

"ደንገል ውኃ ይጠጣል" ይመር ሲናገር፣
"እስከ ዘጠኝ ነው ዕድሜው፣ ከዚያ በኋላ ቀብር፤
ጀልባ አይደለም ይኼ፣ የታሰረ ሣር።"

ማለዳ ነው፤ ሐይቅ ገና አልነቃም፣
ከተራራው ጥላ ሌላ የሚላወስ የለም፤
አንዲት ይብራ ብቻ ከፊላው ሥር ወጥታ
ሄደች ውኃው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ትታ።

አራት ነን። ቢደመር የሁላችን ዕድሜ
ሁለት መቶ አርባ ሰባት፤ ሠራሁት ደጋግሜ፤
ልጆቻችን ቢሰሙ በር ይቆለፍብናል፣
ሁለት ታንኳ አጣምረን ከሸምበቆው ወጥተናል።

ይመር ዓሣ አስጋሪ፣ ታንኳውን ያሰረው፣
ማንኛውንም ነገር "አይሆንም" ብሎ ነው የሚጀምረው፤
ጦይባ ልብስ ሰፊ፣ ደሴ ሙጋድ ሠፈር፣
የሙሽሮች ወገብ በጣቷ ስትሰፍር
አርባ ዓመት የኖረች፤
እኔ የፖስታ ቤት ጡረተኛ፣ ማኅተም መቺ፣
የሰው ደብዳቤ ላኪ፣ የራሴን ረሺ።

አሊጋዝ ደግሞ ሾፌር ነበር።
ተሳቢ እየጎተተ በባቲ ቁልቁለት፣
የሚሌን ሐሩር ሸሽቶ እየነዳ ሌሊት፣
አሰብ ወደብ ወርዶ ጭነት ሲያራግፍ
አንድ ነጭ ሸራ አየ በባሕሩ ጫፍ፣
ጎኑን አዘንብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲያልፍ።
ይኸው ነው። ሌላ የለም። ይህንኑ አንድ ወሬ
በዕድር ስብሰባ፣ በሠርግ፣ ትናንትም ዛሬ፣
ሲነግረን፣ ሲነግረን፣ ጦይባ ተነሥታ
"ወይ ሸራህን አምጣ" አለችው ተቆጥታ፣
"ወይ ጆሮዬን ተወው፣ ይረፍ ለአንድ ማታ።"

አመጣ።
የተሳቢውን ሸራ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣
ከጽሑፉ ሁሉ "ተጠንቀቅ" የቀረበት፤
የሲንጀሩ መርፌ ሁለቴ ተሰብሮ
በወስፌ ጨረሰችው፣ ጣቷ ቆስሎ አብሮ።

ቀዘፍን። ነፋስ የለም። በባሕር ዛፉ ምሰሶ
ሸራው እንደ ሰነፍ ተኛ ተንተርሶ፤
የይመር ጥርስ በራ፦ "ነፋሱስ የት ኖሯል?
መታወቂያ ሊያሳድስ ቀበሌ ተሰልፏል።"

ገዳሙን በሩቁ ዞርነው፤ ደወል ተደወለ፣
ከከተማው በኩል አዛኑ ቀጠለ፣
ሁለቱም ውኃው ላይ መጥተው ተንሳፈፉ።
"ሴት አትወርድም እዚያ" አላት ይመር፣ ሊነካካት፤
ዘወር ብላም አላየችው፣ አልገረማት፤
"እኔ" አለች፣ "የመጣሁት ለነፋሱ ነው።"

ብርቱካን ላጥን። ልጣጩን ሐይቁ ወሰደው።
ታንኳው እየጠጣ፣ ቁርጭምጭሚታችን ራሰ።
ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ከአርዲቦ ማዶ፣
መጀመሪያ ሸምበቆው አንገቱን ሰበረ፣
ቀጥሎ የሐይቁ ቆዳ፣
ዝንብ እንዳረፈበት እንደ ፈረስ ገላ
ተንዘረዘረ፣

ከዚያ ሸራው—ጷ!

"ተጠንቀቅ" ሆዱን ነፋ። ገመዱ ተወጠረ።
ሣር ሮጠ፣ ሰዎች! የታሰረ ሣር በረረ!
እኛ የቆምን መሰለን፣ ተራራው የሄደ፣
ውኃው በግራ በቀኝ እንደ አቡጀዲ ተቀደደ፤
ይመር አፉን ከፍቶ "አይ..." ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ፣
ጦይባ ሳቀች፣ ሻሿ በኋላዋ በረረ፤
አሊጋዝ ገመዱን እንደ መሪ ጨብጦ
ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል፣ ደንገሉን ረግጦ።

ስንት ደቂቃ ነበር? እንጃ። በዘመኔ
ስንቱን ቀን በማኅተም መትቼዋለሁ እኔ፣
ያንን ግን አልመታሁትም።

ቀጭ!
ምሰሶው ከወገቡ። ሸራው ራሳችን ላይ።
ጨለማ፣ ናፍጣ፣ ሳቅ፣ ይኼ ክርን የማን ነው?
ከሥሩ ስንወጣ ጦይባ ቀድማ
ጣቷን በስፌቱ ላይ እየመራች በዝግታ
"እንጨቱ ነው" አለች፣ "ስፌቴ ደህና ነው፤
አንተ የፖስታው፣ ይጻፍልኝ።"

በመቅዘፊያ ተመለስን፤ ጠጥቶ የከበደ
ታንኳችንን ስንገፋ ፀሐዩ ወረደ።
ሁለቱን አቁመን ዋንዛው ላይ አስደገፍን፤
ጠብ... ጠብ... ሐይቁን መልሰው ሲተፉ
አዳመጥን፣ እንደነሱ ተደጋግፈን።

አሊጋዝ ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ፣
ቆየ። እንደገና ቀመሰ።
"ጨው" አለ፣ "ጨው ብቻ ነው የጎደለው።"

ማንም አልመለሰም።
ይመር ደንገሉን በመዳፉ ጨመቀ፣
ጣቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፦
"አይሆንም" አለ፣ "ለቅዳሜ አይደርቅም።"
ከዚያም፣ ሸራውን ስናጥፍ፣
"ለእሑድ ግን ይደርቃል።"